መጽሐፏን መልሳ የሄደች ልጅ



ለዚህ ወር ስለ ልጆች የማታ ጥናት ልጽፍላችሁ አስቤ ነበር፤ እርሱ ኢንሻአላህ ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ ለብዙ ጊዜ በሆዴ ይዤው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ ላውጋችሁ።

ነገሩ የሆነው በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከሮቤ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት የሰባተኛ ክፍል ኃላፊ መምህር ነበርኩ። የሲናና ሜዳ በጥር ማለዳ እንዴት እንደሚቆረጥም የባሌ ሰው ያውቀዋል። አንድ አባት ፈረሳቸውን ከአጥሩ ላይ አስረው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ቢሮ ገቡ። ሰላምታ ተለዋወጥን። «ኡስታዝ፣ ልጅቱ አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ሆና ልትማር ነው፤ መሸኛዋን ስጡን» አሉኝ።

መሸኛ ከመጻፉ በፊት ተማሪው የወሰዳቸውን መጻሕፍት መመለሱን የክፍል ኃላፊው በፊርማው ማረጋገጥ አለበት። እኔም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። የሒሳቡ መጽሐፍ ሽፋን ተቀዷል። «ይህ ለምን ተቀደደ? የመንግሥት ንብረት መሆኑን አታውቂም?» ብዬ ተቆጣኋት። አንገቷን ደፋች። አባትየው «ታናሽ ወንድሟ ነው የቀደደው፤ ይቅር በሏት» አሉ። ይቅር ብዬ ፈረምኩ።

ልጅ በዓመቱ አጋማሽ ላይ ለምን ትምህርት ቤት ትቀይራለች? የምትገባበት ትምህርት ቤት ማን ይባላል? አክስቷስ የት ሰፈር ነው የሚኖሩት? አንዱንም አልጠየቅኩም። ስለ መጽሐፉ ሽፋን የተጨነቅኩትን ያህል ስለ ልጅቱ አልተጨነቅኩም። ዕድሜዋ በመዝገባችን ላይ 14 ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ታናሽ እህቷ እኔ ክፍል ገባች። ስም ስጠራ የአባቷን ስም አስታወስኩና በእረፍት ሰዓት አስጠርቼ፣ «እህትሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» አልኳት። ግራ ተጋብታ አየችኝ። «ሪያድ ናት እኮ ኡስታዝ፤ ከሄደች ቆየች» አለችኝ። አዲስ አበባ ያለችው «አክስት» ደላላ ኖራለች።

ቀስ በቀስ ከቤተሰቡ የተረዳሁት ይህን ነው። አባትየው በዚያ ዓመት የመኸር እርሻ መሬት በኮንትራት ወስደው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ገዝተው ስንዴ ዘሩ። ስንዴው ደርሶ ኮምባይነር ሲጠበቅ ያልታሰበ ዝናብ ወረደበትና ማሳው ላይ እንደቆመ በቀለ። ከእኛ አገር ገበሬ ይህን የማያውቅ የለም። ነጋዴው ገንዘቡን ጠየቀ፤ የመሬቱ ባለቤት ጠየቀ። በዚህ መሐል ደላላዋ መጣች። ለአባት ጥቂት ሺህ ብር በእጃቸው ሰጠች፤ የልጅቱን የፓስፖርትና የጉዞ ወጪ «እኔ እሸፍናለሁ፤ ኋላ ከደመወዟ ይቆረጣል» አለች። እንዲህ ሆኖ ዕዳው ከአባት ጫንቃ ወርዶ የ14 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ተጫነ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ወራት ደመወዟ በሙሉ ለደላላዋ ነው የገባው።

ይህ ነገር በዓለም ዘንድ ስም አለው፤ የዕዳ ባርነት ይሉታል። በጣም የሚታወቀው ታሪኩ የፓኪስታናዊው ልጅ የኢቅባል መሲሕ ነው። ቤተሰቡ 600 ሩፒ ተበድሮ በአራት ዓመቱ ገደማ ለምንጣፍ ሠሪ ሰጡት። እዚያ አገር ለእንዲህ ያለው ቅድሚያ ክፍያ «ፔሽጊ» የሚል ስም አላቸው። ልጁ ሲሠራ ዕዳው ይቀንሳል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ነገር ግን የበላው ምግብ ይታሰብበታል፤ የተሳሳተው ጥልፍ ይታሰብበታል፤ ቤተሰቡም ሲቸግረው እንደገና በስሙ ይበደራል። ከዓመታት ሥራ በኋላ ዕዳው አብጦ ተገኘ። ኢቅባል በ10 ዓመቱ አመለጠ፤ የዕዳ ባርነት በሕግ መከልከሉን ሲሰማም ሌሎች ልጆችን ማንቃት ጀመረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 1995 በጥይት ተገደለ፤ 12 ዓመቱ ገደማ ነበር። ልጁ ክርስቲያን ነበር፤ አገሩ ግን የእስልምና ሪፐብሊክ ተብላ የምትጠራ ናት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

የእኛ አገር ልጅ ከመጥለፊያ ጋር በሰንሰለት አልታሰረ ይሆናል። ከጋሞ ደጋ ተወስደው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሽመና ላይ የተቀመጡ ልጆች ግን ነበሩ፤ እነርሱም የወጡት «አስተምራቸዋለሁ» በሚል ቃል ነው። የእኛዎቹ ሴቶች ልጆች የሚወጡትም በዚሁ ቃል ነው።

ሕግ የለም እንዳትሉ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለሠራተኛዋ 18 ዓመት ሞልቷት 8ኛ ክፍል እንድትጨርስ ይጠይቅ ነበር። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪም በአሠሪው ላይ ነበር የጣለው። እንግዲህ ደላላዋ «ከደመወዟ ይቆረጣል» ያለችው አብዛኛው ወጪ ሲጀመር የልጅቱ ዕዳ አልነበረም። ይህን ግን ለአባትየው ማን ይንገራቸው? እኔም በጊዜው አላውቀውም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በሰው የመነገድ ወንጀልን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178 ወጥቷል።

ታዲያ የ14 ዓመት ልጅ እንዴት አለፈች? በአገራችን የልደት ምዝገባ በወጉ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ ዕድሜው የሚታወቀው በእናቱ ትውስታና በትምህርት ቤት መዝገብ ነው። ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ዕድሜዋን የሚናገረው ወረቀት እኛ ዘንድ ቀረ። በፓስፖርቷ ላይ 22 ዓመት ሆነች። ስምንት ዓመት በአንድ ወር ውስጥ! የስምንተኛ ክፍል ካርድም ተሠርቶላታል፤ ሰባተኛን እንኳ ያልጨረሰችው ልጅ።

አንድ ነገር ሳስበው ያንገበግበኛል። ልጅቱ መድረሳ ተምራለች፤ የዐረብኛ ፊደል አሳምራ ታነባለች። ሪያድ ስትደርስ የያዘችው የሥራ ውል በዐረብኛ የተጻፈ ነበር። «ኡስታዝ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት፤ አንድ ቃል አልገባኝም» ብላ ኋላ ነግራኛለች። እኛ የመድረሳ መምህራን ለዚህ ምን እንመልሳለን? እኔ ራሴ በልጅነቴ ከመድረሳ ወጥቼ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እየሮጥኩ በሁለቱም ያደግኩ ሰው ነኝና፣ አንዱን ከሌላው ለማበላለጥ አይደለም ይህን የምለው። ሐፍሷ (ረ.ዐ) መጻፍን የተማረችው ከሺፋእ ቢንት ዐብደላህ (ረ.ዐ) ነበር፤ ይህም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈቃድ ነው። ለሴት ልጅ ፊደሉን ሰጥቶ ትርጉሙን መንፈግ ከየት የመጣ ልማድ ነው?

ሪያድ የሆነውን በአጭሩ ልለፈው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል፤ የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ፣ ከ«ከፊሏ»፣ ጋር የተያያዘ ነበር። ያለ እርሱ ፈቃድ ቤቱን ጥላ ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆን ነበር። ሳዑዲ ዐረቢያ እ.ኤ.አ. በ2021 ለውጭ ሠራተኞች ሥርዓቱን ስታላላ የቤት ሠራተኞችን በለውጡ ውስጥ አላካተተችም ነበር። የእኛይቱ ልጅ የመጀመሪያው ቤት ከፍለዋታል፤ እውነቱን መደበቅ አይገባም። የአባቷ ቤት ቆርቆሮ የለበሰው በዚያ ገንዘብ ነው። ሁለተኛዋ መዳም ግን 11 ወር ደመወዝ ያዘችባት። ስትጠይቅ «ለአንቺ አስቀምጬልሻለሁ» ይሏታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በቂያማ ቀን ተሟጋች ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች መካከል ነጻ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላና ሠራተኛን አሠርቶ ዋጋውን የከለከለ እንደሚገኙበት አስተምረውናል። ሐዲሱ ቡኻሪ የዘገበው ነው። ይህን ሐዲስ ሪያድም ያውቁታል፤ ሮቤም እናውቀዋለን።

ሮቤም ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዐረቦችን ወቅሰን ብቻ እንዳንተኛ። ከሮቤ እስከ ጎባ ባለው 14 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግራና ቀኝ ስንት ቤት ነው «ከገጠር ያመጣኋት የዘመዴ ልጅ» የምትባል ትንሽ ልጅ ያለችበት? ሕፃን ታዝላለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ ከሁሉ በኋላ ተኝታ ከሁሉ በፊት ትነሣለች። «ትምህርት ቤት አስገባታለሁ» ተብሎ የመጣችው ልጅ ብዙ ጊዜ የምትገባው ማታ ነው፤ እዚያም ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ትተኛለች። የማታ አስተምሬ ስለማውቅ ነው። ደመወዟ ወይ ለአባቷ በዓመት አንዴ ይላካል፤ ወይ «ልብስ ገዝቼላታለሁ» በሚል ይተካል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለሥራ የሚፈቀደውን ዝቅተኛ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ አድርጓል፤ ነገር ግን በግለሰብ ቤት የሚሰጥን አገልግሎት ለሌላ ደንብ ትቶታል። ስለዚህ ከጓሮ ያለችውን ልጅ የሚያያት ከአላህ ሌላ ጎረቤት ብቻ ነው።

ልጅ አይታዘዝ ማለቴ አይደለም። እኛም ከብት ጠብቀን፣ እንጨት ለቅመን፣ ለሸይኻችን ውኃ ቀድተን ነው ያደግነው፤ አልጎዳንም። በልጅ መታዘዝና በልጅ ዕዳ መክፈል መካከል ግን ሰማይና ምድር የሚያህል ልዩነት አለ። ማታ ወደ እናቷ ቤት የምትመለስ ልጅ ሌላ ናት፤ ሥራዋ የሌላ ሰው ብድር መክፈያ የሆነባት ልጅ ደግሞ ሌላ።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። በዚያው በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር እኚያው አባት እንደገና መጡ። ፈረሱ ሌላ ነው፤ ጋቢው ያው ነው። አሁን የታናሽቱን መሸኛ ፈለጉ።

«አባቴ፣ የምትሄደው ወዴት ነው?» አልኳቸው።

«ታውቀዋለህ፤ ለምን ትጠይቀኛለህ?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚሉኝ።

ከቢሮ ወጥተን ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። ያወራነው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛው የእኔ ነው። ስለ ትምህርት ጥቅም ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝ። «ኡስታዝ፣ የወንድሜ ልጅ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሦስት ዓመት ሙሉ ሮቤ ላይ ባጃጅ ይነዳል፤ ባጃጁም የሰው ነው። ትልቋ ልጄ ግን ሰባተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ቤት ሠርታልኛለች። የቱን ልመን?» አሉኝ። እውነት ለመናገር ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የተሟላ መልስ የለኝም። የተማረ ሁሉ ሥራ ያገኛል ብዬ ለገበሬ መዋሸት አልችልም። የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ዕዳዎ ስንት ነው?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቆይተው «38 ሺህ» አሉ። የትልቋ ገንዘብ ሲቋረጥ የቆርቆሮው ቀሪ ሒሳብና የበሬ ብድር ተደራርቦ ነው።

የዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ) ታሪክ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ዘይድን በየመጽሔቱ የምናነሣው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወዳጅ፣ ከሶሓባዎች መካከል በስሙ በቁርኣን የተጠራ ብቸኛ ሰው እያልን ነው። ሲጀመር ግን የተሸጠ ልጅ ነበር። ከእናቱ ጋር ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ሳለ ዘራፊዎች ወሰዱት፤ ዑካዝ ገበያ ላይ በ400 ዲርሃም ተሸጠ። የሲራ ሊቃውንት እንደሚተርኩት አባቱ ሓሪሳ ልጁን በየአገሩ ሲያፈላልግ ኖሮ፣ መካ መኖሩን ሲሰማ ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ይዞ መጣ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያለ ቤዛ ምርጫውን ለዘይድ ሰጡት፤ ዘይድም ከእርሳቸው ጋር መቆየትን መረጠ። እኔን የሚነካኝ አባቱ ነው። ያ አባት በዘመነ ጃሂሊያ ልጁን ለማስመለስ ገንዘብ ተሸክሞ ተጓዘ። ከእኔ ጋር ከአጥር ሥር የተቀመጡትም አባት ልጃቸውን የማይወዱ ሆነው አይደለም። የጎደላቸው 38 ሺህ ብር ነው።

በሱረቱ አት-ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ የሚገባቸው ስምንት ወገኖች ተዘርዝረዋል። ከስምንቱ አንዱ ተገዢን ነጻ ለማውጣት ነው፤ ሌላው ዕዳ ለከበደባቸው ሰዎች ነው። ሁለቱም በዚህች ልጅ ቤት ተገናኝተዋል። ባሌ ደግሞ የስንዴ አገር ነው። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከአሥር አንድ ነው፤ መነሻውም አምስት ወስቅ፣ በእኛ ሚዛን ወደ ስድስት ኩንታል ተኩል ይገመታል። 40 ኩንታል ያስገባ ገበሬ አራት ኩንታል ያወጣል ማለት ነው። ዝርዝሩን ለዑለሞች እተወዋለሁ። እኔ የምጠይቀው፣ ይህ ሁሉ ስንዴ በየዓመቱ ከአውድማ ላይ ለማን ነው የሚሰጠው? አብዛኛውን ጊዜ ለመጣ ሁሉ በጣሳ ይበተናል። ሰው በጣሳ ስንዴ ከረሃብ ይውላል፤ ከዕዳ ግን አይወጣም።

በዚያው ሳምንት ከጁሙዓ በኋላ የመስጊዳችንን ሽማግሌዎች አስቀምጬ ነገሩን ዘረጋሁት። ቀላል አልነበረም። አንዱ «ከእርሱ የባሰ ሚስኪን ሞልቶ ለባለ ቆርቆሮ ዘካ እንስጥ?» አሉ። ሌላው «ልጁን ሽጦ ለከሰረ ሰው» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ኢማማችን ዕዳ የከበደበት ሰው ራሱን የቻለ ወገን መሆኑን አስረዱ። በመጨረሻ አራት ገበሬዎች ዘካቸውን አንድ ላይ አደረጉ፤ ስንዴው ተሸጦ 21 ሺህ ብር ሆነ። ገንዘቡ በአባትየው እጅ ሳይሆን ኢማሙ ባሉበት በቀጥታ ለአበዳሪው ተከፈለ። ለቀረው 17 ሺህ አበዳሪው የሁለት መኸር ጊዜ ሰጡ። አባትየው መሸኛውን አልወሰዱም። አላመሰገኑኝምም፤ ለረጅም ጊዜ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፈረሳቸውን ያዞሩ ነበር። ታናሽቱ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ተፈትናለች።

ትልቋስ? ከሁለተኛዋ መዳም ቤት አምልጣ፣ ያለ ኢቃማ ተይዛ ወራት ከታሰረች በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዜጎችን በአውሮፕላን የመመለሱ ሥራ በቀጠለበት ወቅት ገባች። አንድ ቀን ቢሮ መጣች። አላወቅኳትም፤ እርሷ ናት ያወቀችኝ። ሮቤ ላይ የማታ ትምህርት ለመጀመር የስድስተኛ ክፍል ውጤቷን ፈልጋለች። ፓስፖርቷ ላይ 27 ዓመቷ ነው፤ እውነተኛ ዕድሜዋ ያለው በእኛ መዝገብ ነው።

ከመጋዘን አቧራውን አራግፈን የ2011ዱን መዝገብ አወጣን። ስሟን እርሷ ቀድማ አገኘችው። በስሟ ትይዩ በቀይ እስክርቢቶ፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣ «መሸኛ ወስዳለች፤ መጽሐፍ መልሳለች» ይላል። ጮክ ብላ አነበበችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

«ኡስታዝ፣ የሒሳቡን መጽሐፍ ልታውሰኝ ትችላለህ?» አለችኝ።

መጽሐፉ ከ2015 ጀምሮ መቀየሩን፣ አዲሱም ለሁሉም ተማሪ አለመዳረሱን ነገርኳት። ከመሳቢያዬ የራሴን አውጥቼ ሰጠኋት። ፎርም አላስፈረምኳትም።